ታችኛው ረድፍ

እትዬ ነጥብ ይሏታል፤ እውነተኛ ስሟ ግን አይደለም። ስሙን ያወጡላት የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርሶች ናቸው። ሴትዮዋ አንድ ሰንጠረዥ ከእጇ እንዲወጣ የምትፈቅደው በየዓምዱ ያሉት የቁጥሮቹ ነጥቦች ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ሲሰለፉ ካየች በኋላ ነው። አንዷ ነጥብ ትንሽ ወደ ቀኝ ካፈነገጠች ሥራው ሁሉ ይቆማል። «ምን አለበት፣ ማን ያየዋል?» ሲሏት «እኔ አየዋለሁ» ትላለች፤ በቃ፣ ክርክሩ እዚያ ያልቃል።

ድሮ እሷም በዚያው ክፍል ነርስ ነበረች። ወገቧ አልታዘዝ ብሏት ሕመምተኛ ማንሳትና ማገላበጥ ሲያቅታት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ቁጭ ይል ነበር። እሷ ግን አርባን ካለፈች በኋላ ደብተሯን ታቅፋ፣ ከልጆቿ እኩዮች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስታትስቲክስ ተማረች። ተመልሳ ስትመጣ የተሰጣት ቢሮ ቀድሞ አንሶላ ይከመርበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ የልብስ ማጠቢያውን ጓሮ ያያል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ወረቀት ከመትፋቷ በፊት እንደ አስም በሽተኛ የምታጣጥር ማተሚያ ነበሯት። ክፍሉ አሁንም የሳሙና ሽታ አለቀቀውም፤ እሷም ሽታውን ወዳዋለች።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ልባቸው ታክሞ የወጡ ልጆችና ወጣቶች ከቀዶው በኋላ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደቆዩ ማስላት ነው። የሙያው ሰዎች ሰርቫይቫል አናሊስስ ይሉታል። ጣጣው ሁሉም በአንድ ቀን አለመታከሙ፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው አለመታየቱ ነው። አንዱ አምስት ዓመት ሙሉ ለምርመራ ይመላለሳል። ሌላዋ ዓመት ሳይሞላት ትጠፋለች፤ ትሙት ትኑር የሚያውቅ የለም። ስሌቱ የጠፋችውን ሞተች አይልም፤ አለች ብሎም አይምልላትም። እስከታየችበት ቀን ድረስ ያለውን ዕድሜዋን ይቆጥርላትና «ከዚህ በኋላ አላውቅም» ብሎ ይተዋል። እትዬ ነጥብ ይህን ስሌት የወደደችው ለዚሁ ነው። የማያውቀውን ነገር ደፍሮ አላውቅም የሚል፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ብዙ አላጋጠማትም።

ሶፍትዌሩ ግን ስሌት እንጂ ወግ አያውቅም። ትዕዛዝ ሲሰጡት ውጤቱን እንደ ጎርፍ ያወርደዋል፤ ማለቂያ የሌላቸው ክፍልፋዮች፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቃቸው ምህጻረ ቃላት፣ «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ» የሚል ዕድል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የሞተውን ሰው «ፌይለር» ማለቱ ነው፤ ውድቀት እንደማለት። ቃሉ አምፖል መቼ እንደሚቃጠል፣ ሞተር መቼ እንደሚቆም ለማስላት የመጣ ነው ይባላል። አንድ ቀን የክፍሉ ዋና ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ በእትዬ ነጥብ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ማያውን ስታይ ትርጉሙን ጠየቀቻት። ሲነገራት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን ነው የወደቀው?» አለች። «እነዚያ ልጆች እንዴት እንደታገሉ እኔ ነኝ የማውቀው። ወደቁ አትበይብኝ!»

«እኔ አላልኩም፤ ኮምፒውተሩ ነው።»

«እንግዲያው ንገሪው!»

እትዬ ነጥብም ነገረችው። ወራት ፈጅታ አንድ ኮድ ጻፈች። ኮዱ መረጃውን ያነባል፣ ያሰላል፣ ክፍልፋዩን ያሳጥራል፣ ዓምዱን ያስተካክላል፤ «ዜሮ ዜሮ ዜሮ» የሚለውን «ከ0.001 በታች» ብሎ ያርመዋል፤ «ፌይለር» የሚለውን ደግሞ በቀጥታ «ሞት» ይለዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ ቢሮ አንድ ሕግ ጸና፦ ቁጥር በእጅ አይገለበጥም። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ከማያው እያየ ይገለብጥ ነበርና፣ 0.61 የነበረው 0.16 ሆኖ ታትሞ ጉድ ፈልቷል። አሁን መረጃው ላይ አንድ ሰው ሲጨመር አንድ ቁልፍ ይነካል፤ ሰንጠረዡ ከነነጥቦቹ ሰልፉን አስተካክሎ እንደ አዲስ ይወጣል። ያን ኮድ ስታሠራው የእትዬ ነጥብን ፊት ያየ ሰው፣ ልጇ ድክ ድክ ማለት የጀመረላት እናት ነበር የምትመስለው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ መናፈሻ ዛፍ ሥር ከእኩዮቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፤ ቼዝ የሚባለውን። አንድ ቀን እትዬ ነጥብ ከሥራ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት መንገድ ላይ አስቆሟት።

«ጎሽ ልጄ! ሐኪሙን ማት አደረግሽው አሉ?»

«የቱን ሐኪም?»

«ዋናውን ነዋ! አባትሽ ነገሩን እኮ። ሆስፒታሉ ለሰንጠረዥ ብቻ ቢሮ ሰጥቷታል አሉን።»

ለካ አባትየው «ምን እየሠራሽ ነው?» ባሏት ቁጥር «ሰንጠረዥ» ስትላቸው፣ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ከሐኪሞች ጋር ንጉሥና ወታደር የምታጫውት መስሏቸው ኖሯል። ለዚያውም ምንም አልገረማቸውም፤ ልጃቸው መንግሥትም ብትገለብጥ አይገርማቸውም። ቤት ገብታ በወረቀት ላይ እየሣለች፣ ረድፉን ረድፍ ዓምዱን ዓምድ እያለች አስረዳቻቸው። እየሰሟት መነጽራቸውን ወለወሉ።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ከሐኪሙ ጋር ማን እያሸነፈ ነው?»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን ሙሉ አልነበረም፤ አባቷ ሳያውቁት ቁስሏን ነክተውባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍሉ ሁለት ዓይነት ቀዶ ይሠራል። አንዱ የታመመውን የልብ ቫልቭ አውጥቶ በሌላ መቀየር ነው። ሌላው እዚያው እንዳለ መጠገን። ዋናው ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ የሚከራከረው ለጥገናው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው፤ በቀዶ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማው የለም። «የራስህ ልብ በር እያለልህ የሰው በር ለምን ትገጥማለህ?» ይላል። አሁን ደግሞ አንድ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ከሌሎች ሆስፒታሎች የሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች ጥገናውን በዚህ ክፍል እንዲማሩ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውን ሊወስን ነው። ጉባኤው የሚያየው ውጤቱን ነው። ውጤቱ ደግሞ የእትዬ ነጥብ ሰንጠረዥ ነው። አጭር ማጠቃለያ አስቀድሞ ተልኳል፤ በማጠቃለያው ላይ ከታከሙት መካከል ከመቶ ዘጠና አራቱ አምስት ዓመት በሕይወት ይቆያሉ የሚል ተጽፏል።

ሐኪሙ ሙሉውን ሰንጠረዥ ያየው አንድ ጠዋት፣ በሁለት ቀዶዎች መካከል፣ አረንጓዴ ካባውን እንደለበሰ ነው። ከላይ ጀምሮ ራሱን በእሺታ እየነቀነቀ ወረደ። ታችኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ግን ራሱ መነቅነቁን ተወ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በየዓመቱ በክትትል ላይ የነበሩት ናቸው፣ ዶክተር።»

ረድፉ ሲጀምር 212 ይላል፤ የታከሙት ሁሉ። ዓመት ሲሞላ 150። በሦስተኛው 68። በአምስተኛው ዓመት ሥር የተጻፈው 17 ብቻ ነው።

«አውጪው።»

«አይወጣም።»

«ስሚ፤ ይሄን ያየ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ዘጠና አራቱ ያላችሁት አሥራ ሰባት ሰው ላይ ቆማችሁ ነው ወይ ይለናል።»

«እውነቱን ነዋ። የቆምነው እዚያው ላይ ነው።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። «ስንት ሰንጠረዥ አይቻለሁ፤ ይሄ ረድፍ የሌለው መዓት ነው! ማንም አልጠየቀሽም!»

«አልጠየቀኝም። ግን ዶክተር፣ እርስዎ ከላይ ያለውን ያምኑልኝ የለ? ያንን ያወጣው ይሄ ነው። ታችኛውን ቆርጬ ላይኛውን ብሰጥዎ፣ እግር የሌለው ወንበር ሰጠሁዎት ማለት ነው።»

«እነዚህ ልጆች አልሞቱም!» አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ጠፉ እንጂ አልሞቱም! እኔ ነኝ የጠገንኳቸው፤ አውቃቸዋለሁ!»

እትዬ ነጥብ ቀና ብላ አየችው። መጮህ አምሯት ነበር፤ ነርስ በነበረችበት ዘመን የለመደችው ትዕግሥት ያዛት። ቀስ ብላ «ይሁን፣ አልሞቱም» አለች። «ታዲያ የት ናቸው?»

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ውጪ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲሽከረከር ይሰማል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ።

«አላውቅም» አለ።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ካርዳቸው ላይ ስልክ አለ እኮ» አለች። «የአባት፣ የአክስት፣ የጎረቤት፣ ያገኘነውን ሁሉ እንጽፍ ነበር። አንደውልም እንዴ?»

መደወሉ በማግስቱ ተጀመረ። የአንሶላው ክፍል ስልክ ቤት ሆነ። እትዬ ነጥብ በጠረጴዛው ስልክ፣ ሲስተር በራሷ፣ ሐኪሙ ደግሞ ከቀዶ ሲወጣ እጁን እያደራረቀ በእጅ ስልኩ ይደውላሉ። ጉባኤው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ካርዶቹን ለሦስት ተካፈሉ፤ የሚጠየቀውም ጥያቄ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን እትዬ ነጥብ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ አለ ወይስ የለም፣ ከሌለ መቼ፣ ካለ ዛሬ እንዴት ነው።

ሐኪሙ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ሕመምተኞቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኛቸው ተኝተው ነው። መጀመሪያ ያገኘው አባት ገና «የሆስፒታሉ ሐኪም ነኝ» ሲለው አቋረጠው።

«ሎተሪ ደርሶሃል ልትለኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም! የልጅህን ልብ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እሱ ሐኪም ስልክ አይደውልም። እሱ የሚናገረው በነርስ ነው። ሌላ ሞኝ ፈልግ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሲስተር በሳቅ ፍርስ አለች። «እውነቱን እኮ ነው፤ ይስጡኝ ቁጥሩን» አለችና ራሷ ደወለች። አባትየው ድምፅዋን ሲሰማ ለያት፤ ልጁ አሁን ወፍጮ ቤት እንደሚሠራ፣ ጆንያ እንደሚሸከም በኩራት ነገራት። ሲስተር ጆንያ የሚለውን ስትሰማ ደነገጠችና «ይምጣ! ነገ ዛሬ ሳትል ላከው፣ ልቡን ማየት አለብን!» ብላ ቀጠሮ ሰጠችው።

ቁጥር የቀየረ አለ፤ ሰፈር የቀየረ አለ። አንዷን ልጅ በአስተማሪዋ በኩል አገኟት፤ አንዱን በፀጉር አስተካካዩ በኩል። አንዲት ወጣት ስልኩን ራሷ አነሳች፤ ታለከልካለች። ሐኪሙ ፊቱ ገርጥቶ «ምነው? ትንፋሽ ያጥርሻል? ስትተኚስ?» እያለ በጥያቄ አጣደፋት።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ዶክተር! ሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ነው፤ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ሮጬ ነው የመጣሁት።»

«ኳስ?»

«በረኛ ነኝ ግን» አለች፤ ቅጣት እንዲቀልላት የምትለምን ይመስል።

ሐኪሙ ስልኩን ዘጋ። ቀጥሎ ለማንም ሳይሆን «በረኛ» አለና ፈገግ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ የተቆጣው ሰው የለም።

በየቀኑ መጨረሻ እትዬ ነጥብ የተገኘውን ሁሉ ታስገባና ያችን ቁልፍ ትነካለች። ማተሚያዋ ታጣጥርና አዲሱን ሰንጠረዥ ትተፋለች። ሦስቱም ተጠጋግተው መጀመሪያ የሚያዩት ታችኛውን ረድፍ ነው። አምስተኛው ዓመት ሥር ያለው ቁጥር ሃያን አለፈ። ሠላሳን አለፈ። ሐኪሙ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ ያደርጋል፤ ልክ እንደ ኳስ ተመልካች።

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ቀን ሐኪሙ አንዲት እናት አገኘ። ስሙን ነግሯት የልጇን ደህንነት ጠየቀ።

«ዐረፈ እኮ» አለች እናትየዋ። «ካለፈው ክረምት በፊት።»

ሐኪሙ ይቅርታ ሊላት አሰበ። እናትየዋ ቀደመችው።

«ጨመራችሁልኝ እኮ፣ ዶክተር። ስትቀበሉት ደረጃ መውጣት አይችልም ነበር። ከእናንተ ወዲህ ትምህርት ቤት ገባ፤ ማንበብ ቻለ፤ ከእህቱ ጋር እየተደባደበ ቤቱን አፈረሰብኝ። ያ ሁሉ የእናንተ ነው።» ቀጥላም ጠየቀች፤ «አሁን ስለሞተ ከወረቀታችሁ ትፍቁታላችሁ?»

ሐኪሙ ወደ እትዬ ነጥብ ዞሮ አያት። እሷም ጥያቄውን ሰምታለችና ስልኩን ተቀበለችው።

«አንፍቀውም፣ እናቴ» አለቻት። «በእኛ ስሌት የሞተ ሰው የኖረበት አይጣልም። የኖረው ሁሉ በሙሉ ይቆጠርለታል። ትምህርት ቤት የገባበትም ጊዜ፣ ከእህቱ ጋር የተደባደበበትም፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው ጥሩ» አለች ሴትዮዋ። «ስለደወላችሁ ተባረኩ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ላስገባው» አለ። እትዬ ነጥብ ቦታዋን ለቀቀችለት። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ እየፈለገ፣ ቀኑን ጻፈ፤ ከፊቱ ባለው ሳጥን ውስጥም የሞት ምልክት የሆነችውን አንድ ቁጥር አስገባ። ቁልፉን ሲነካ ላይኛው ረድፍ በጥቂቱ ወረደ። አላጉረመረመም። ያንን ቀን ሌላ አልደወሉም።

ጥሪው ሲያልቅ የጠፉት በሙሉ ባይገኙም አብዛኞቹ ተገኝተዋል። የመጨረሻው ሰንጠረዥ ሲወጣ በአምስተኛው ዓመት ሥር 46 ይላል። በሕይወት የቆዩት ደግሞ ከመቶ ዘጠና አራት መሆናቸው ቀርቶ ዘጠና ሆነዋል። ሐኪሙ ዘጠናውን እያየ ጢሙን ዳበሰ።

«እንግዲህ ወረድን» አለ።

«ወርደናል» አለች እትዬ ነጥብ። «ግን እስቲ መሃሉን ይዩት።»

መሃሉ ላይ ያለው የጥገናውና የቅየራው ንጽጽር ነው። መጀመሪያ ያወጣችው ሰንጠረዥ በጥገና የታከሙት የሞት አደጋ ከሌሎቹ ግማሽ እንደማይሞላ ይናገር ነበር፤ አጠገቡ ያለው፣ እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል ግን ከ0.11 እስከ 1.88 ተለጥጦ ነበር። አንድ ማለት የሁለቱ አደጋ እኩል ነው ማለት ነውና፣ ክልሉ አንድን በመካከሉ ካቀፈ፣ ጥገናው ይሻላል ብሎ ለመማል አያስደፍርም፤ ምናልባት እኩል ናቸው፣ ምናልባትም የባሰ ነው። አሁን የጥገናው አደጋ ከቅየራው አንጻር 0.40 ነው። ክልሉም ተሰብስቦ ከ0.16 እስከ 0.98 ሆኗል።

ሐኪሙ ደጋግሞ አነበበው። «ከአንድ በታች ነው» አለ በሹክሹክታ። «ሙሉ ለሙሉ ከአንድ በታች ነው።»

«ለጥቂት ነው ያለፈው፤ ብዙ አይመኩበት» አለች እትዬ ነጥብ። «ግን አልፏል። ያገኘናቸው ልጆች ናቸው ያሳለፉት። ያሉትም፣ የሌሉትም። እኛ ስናጣቸው ይሄ ቁጥር ምንም ማለት አይችልም ነበር።»

ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረለት ነገር በአንድ መስመር ላይ፣ ነጥቡ ከነጥቡ ሥር ተሰልፎ፣ ፊቱ ተቀምጧል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የነጥብሽን ነገር እኮ እንደ ዛሬ አላየሁትም» አለና ሳቀ።

የጉባኤው ቀን ሦስቱም አብረው ሄዱ። አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ያለው፣ መጋረጃው የደበዘዘ፣ ማይክራፎኑ የሚያፏጭ ነው። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ሐኪሙ ገለጻውን ሲጨርስ ሰብሳቢዋ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ፤ አንዱ ቀድሞ የተላከው ማጠቃለያ፣ ሌላው የዛሬው ሰንጠረዥ።

«ያኔ ዘጠና አራት ብላችሁ ነበር» አሉ። «ዛሬ ዘጠና ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ሰዎች እዚህ ሲመጡ ቁጥራቸው ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የእናንተ ለምን ወረደ?»

ሐኪሙ ወደ እትዬ ነጥብ ዞረና በእጁ «ያንቺ ነው» አላት። እሷም ተነሣች። እዚያ ድረስ ስትመጣ የምታወራው ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ነው።

«ስለደወልን ነው» አለች።

«እንዴት?»

«ለጠፉብን ደወልንላቸው። ብዙዎቹ አሉ፤ ጥቂቶቹ የሉም። ሁለቱንም አስገባን። ታችኛውን ረድፍ ቢያዩት ያኔ ስንት ሰው ላይ እንደቆምን፣ ዛሬ ስንት ሰው ላይ እንደቆምን ይነግርዎታል። የዛሬው ዘጠና ከያኔው ዘጠና አራት ይልቅ ይታመናል።»

ሰብሳቢዋ ጣታቸውን ታችኛው ረድፍ ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ። ከጎናቸው ያሉት አባላትም ወረቀታቸውን አነሱ። አንደኛው አባል ክልሉ ለአንድ በጣም ቅርብ ስለመሆኑ ጠየቃት፤ እሷም «አዎን ቅርብ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት መከታተል ይቀረናል» አለችው፤ አልሸሸገችም። ሌላዋ አባል ቁጥሮቹ በእጅ ተገልብጠው እንደሆነ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ ሲጠይቋት የእትዬ ነጥብ ወገብ ቀጥ አለ፤ ለዓመታት ያስቸገራት ወገብ መሆኑን የሚያውቁ ነርሶች ቢያዩ ባላመኑ።

«አንድም በእጅ የተገለበጠ ቁጥር የለም» አለች። «ኮዱን ይዤ መጥቻለሁ። ከፈለጋችሁ እዚሁ ፊታችሁ ላሠራው።»

አሠራችው። ማያው ላይ ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ሲሞላ፣ ነጥቦቹ ሲሰለፉ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል» አሉ፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ግን ሲወጡ በሩ አጠገብ ቆመው እትዬ ነጥብን በእጃቸው ያዙና «ይሄን ኮድ ለሌሎቹ ክፍሎችም ብትሰጪያቸው ቅር ይልሻል?» አሏት።

«ቅር አይለኝም፤ ነጥቦቹን እንዳያበላሹብኝ ብቻ!» አለች። ሰብሳቢዋ ከት ብለው ሳቁ።

ፈቃዱ መጣ። ክፍሉ ማሠልጠኛ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኝ ሐኪሞች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ ሲደርሱ በቀጥታ ቀዶ ክፍል የሚገቡ መስሏቸው ነበር። ዋናው ሐኪም ግን ኮሪደሩን አሻግሮ የሳሙና ሽታ ወዳለው ጠባብ ክፍል ወሰዳቸው። አምስት ሰው ስለማይይዝ ሁለቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«መስፋቱን እኔ አስተምራችኋለሁ» አላቸው። «የሰፋችሁት ልብ ከእናንተ በኋላ የት እንደደረሰ የምታስተምራችሁ ግን እሷ ናት። ስትናገር ልብ ብላችሁ ስሙ፤ እኔ ቶሎ አልሰማኋትም ነበር።»

እትዬ ነጥብ መቅላት ጀመረች። አንገቷን ልትደፋ አሰበችና ተወችው። ምን አስደፋት? ሥራው የእሷ ነው፤ ጥሩ ሥራም ነው። ፊቷን ወደ ሠልጣኞቹ አዞረች፤ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ለሴቲቱ ሐኪም የጠረጴዛውን ስልክ አቀበለቻት።

«ቀዶ ከተሠራላት ዛሬ ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለች» አለቻት። «ቁጥሩ ይኸውልሽ። ደውይና እንዴት እንደዋለች ጠይቂልኝ።»